የእትዬ ጠብታ ጥፋት

«ያቺ ጠርሙስ አጣቢዋ» የሚሏት ሰዎች አሉ። ይበሉ፤ አፍ እንደሆነ ቀረጥ አይከፈልበትም። ተማሪዎቹ ግን እትዬ ጠብታ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ ልጅ ነው ይባላል። ከጀርባው ቆማ «አንድ ጠብታ አልኩህ እኮ፣ አንድ! ማንቆርቆሪያ የያዝክ መሰለህ እንዴ?» ስትለው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ በማግስቱ ስሟ እሱ ሆኖ አደረ። መጀመሪያ የተቆጣች መሰለች። ቁጣዋ ግን ከአንገት በላይ ነበር፣ ምክንያቱም ልጆቹ ስም የሚያወጡት ለመምህራን ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ለጽዳት ሠራተኛ ስም ያወጣ ተማሪ በዚያ ትምህርት ቤት ታይቶ አይታወቅም።

ቤተ ሙከራው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ነው። ስድስት ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉት፣ ገጻቸው በአሲድ ተበልቶ ጠቃጠቆ ያወጣ። ከአራቱ ገንዳዎች የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው፤ አንዱም ቢሆን ቧንቧውን በጨርቅ አስረው ካልተለማመጡት አይሠራም። ከመስኮቱ በታች ባሏ የሠራላት የእንጨት መደርደሪያ አለ። ባሏ አናጢ ነው፣ እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን አያርፍም። መደርደሪያው ሃያ ቀዳዳ አለው፣ ሃያ ቡሬቶችም አፋቸውን ቁልቁል ደፍተው ያድሩበታል። ቡሬት ማለት ከክንድ የረዘመ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው፤ ጎኑ ላይ መስመር ተሰምሮበታል፣ ከታች ትንሽ ቧንቧ አለችው፣ ከውስጡ የወረደውን እስከ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ ድረስ ያስነብባል። ባሏ መደርደሪያውን ያመጣ ቀን «ሃያ ልጅ ወልደሽ ለእያንዳንዱ አልጋ ብሠራ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ ያመሰግኑኛል» ብሎ ነበር።

ወደዚያ ክፍል ከገባች ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። የተቀጠረችው ልትጠርግ ነው፤ ወረቀቷም ላይ የተጻፈው «የጽዳት ሠራተኛ» ነው፤ ይህ ታሪክ እስከሆነበት ዓመት ድረስም ማንም አልነካውም። በገባች በሦስተኛው ወር፣ ከክፍል በኋላ ቱቦዎች ስትሰበስብ፣ አንዱ ውስጥ የተረፈ ቢጫ ነገር አየች። ሳታስበው ከሌላ ቱቦ ጥቂት አሲድ ጠብ አለበት። ቢጫው ብርቱካናማ ሆነ። አበላሸሁት ብላ ደነገጠች። ለማስተካከል ይሁን ለመሸፈን እሷም አታውቀው፣ ሦስተኛው ቱቦ ውስጥ የነበረውን ጨመረችበት። እሱ ደግሞ የአሲድ ተቃራኒው ቤዝ ኖሯል፣ ቀለሙ ተመልሶ ቢጫ አለ። አሁን ድንጋጤው ቀረና ወደዚያና ወደዚህ ታመላልሰው ጀመር። ቀና ስትል አሮጌው የኬሚስትሪ መምህር በሩ ላይ ቆሟል።

«ይሄን ማን አሳየሽ?» አላት።

«ማንም። እሱ ራሱ ነው የሚያደርገው» አለች፣ ቱቦውን እየደበቀች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህባት ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጣት። «ቢጫውም ብርቱካናማውም ሁልጊዜ አብረው አሉ» አላት። «አንዱ ወደ ሌላው ይቀየራል፣ ሌላውም ወደዚህ ይመለሳል። ወደ አንድ ክፍል የሚገባውና ከዚያ የሚወጣው ሰው እኩል ከሆነ፣ ውስጥ ያለው ሰው ቁጥር አይለዋወጥም አይደል? ሚዛን የሚባለው እሱ ነው። የቆመ ይመስላል እንጂ አልቆመም። አሲድ ስትጨምሪበት ወደ ብርቱካናማው ያጋድላል፣ ቤዝ ስትጨምሪበት ወደ ቢጫው።»

ትንሽ አሰበችና «እንደ ባሌና እንደ እኔ ነዋ» አለች። «ጭቅጭቁም ፍቅሩም ሁልጊዜ ቤት ውስጥ አለ። ማን ምን ጨመረበት ነው።»

መምህሩ መነጽሩ እስኪወልቅ ሳቀ። በማግስቱ ደብተር ይዞላት መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ እኔም አሳጥረዋለሁ። አሲድን በውሃ ላይ እንጂ ውሃን በአሲድ ላይ እንደማያፈሱ ተማረች፤ «ውሃ አሲድ ላይ የሚያፈስ ሰው የገዛ ፊቱን የጠላ ሰው ነው» እያለች ለስንት ትውልድ አስተማረችው። ቤዝ ክፍት ከተተወ ከአየሩ እየጠጣ እንደሚደክም፣ በመስታወት ክዳን ከተዘጋ ደግሞ ክዳኑ ተጣብቆ እንደሚቀር አወቀች፤ የጎማ ክዳን እየቆረጠች ሠራችለት። መዝና፣ በጥብጣ፣ ለክታ፣ በደብተሯ ትጽፋለች። አሮጌው መምህር ጡረታ ሲወጣ በምትኩ የመጡት ሁሉ ሶሉሽን የሚያዘጋጁት በእሷ እጅ ነበር። ወረቀቱ ብቻ አላወቀም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው።

ደግነቱ አዲሱ ርእሰ መምህር ዓይን ያለው ሰው ሆነ። አንድ ቀን መዝገቡን ሲያገላብጥ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ነውር ነው» አላትና የሥራ መደቧ ወደ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን እንዲቀየር ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጻፈ። መልሱ አጭር ነበር፦ በዓመቱ መጨረሻ የተግባር ፈተና ለመምራት የሚመጣው ፈታኝ ሥራዋን አይቶ በሪፖርቱ ይግለጽ፣ በዚያ ይወሰናል። እትዬ ጠብታ ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም። ከደመወዙ ይልቅ ያቺን ሁለት ቃል ፈልጋት ነበር፤ ፈልጋት ስል ደግሞ ከአንጀቷ ነው የምለው። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችውን ሥራ በስሙ የሚጠራላት አንድ ወረቀት፣ አንድ ብቻ።

ለፈተናው ቀን ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀች። ተማሪዎቹ ሃያ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቡሬት አላቸው። አሲዱ በታሸገ ጠርሙስ ከጽሕፈት ቤቱ ይመጣል፤ ትክክለኛውን መልስ የሚያውቀው ፈታኙ ብቻ ነው። ቤዙን የምታዘጋጀው እሷ ናት። ልጆቹ ከቡሬቱ ቤዙን እያንጠባጠቡ ፍላስክ በሚሉት የመስታወት ዕቃ ውስጥ ያለው አሲድ አልቆ አመልካቹ፣ ቀለም የሚቀይረው ፈሳሽ፣ ለስላሳ ሮዝ እስኪሆን ድረስ ስንት ሚሊ ሊትር እንደወረደ ያነባሉ፤ ቡሬቱን እንደገና እየሞሉ ሦስት ጊዜ ሠርተው ሦስቱን ይጽፋሉ። በዋዜማው ቤዟን ለክታ ልክ መሆኑን በደብተሯ አስፍራ ነበር። ነገሩ ሁሉ በልኩ ነበር።

ጠዋት ግን ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ እትዬ ጠብታ ቡሬቶቹን አየቻቸው። ሲያድሩ የደረቀ ውሃ ነጭ ነጭ መስመር ትቶባቸዋል። ለሥራው ምንም አይልም፤ ለዓይን ግን ቆሻሻ ይመስላል። እንግዳ እየመጣ ነው። እትዬ ጠብታ ሁለት እጅ አላት ብል አትፍረዱብኝ፦ አንዱ የቤተ ሙከራ ነው፣ ሌላው የጽዳት። የጽዳቱ እጅ ቀደመ። ሃያውንም በተጣራ ውሃ እያለቀለቀች፣ ለብቻዋ እያንጎራጎረች፣ እንደ መስታወት አበራቻቸው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ግን ይሄ ለቡሬት ነው ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

የታጠበ ቡሬት ካልደረቀ ቤዙ ራሱ ውስጡ ገብቶ ሁለት ጊዜ ሊያለቀልቀው ይገባል። ይሄን ሕግ ለልጆቹ ስታስተምር ጉሮሮዋ ደርቋል። ልትሠራውም ነበር፤ የቤዙን ጠርሙስ አንስታ ነበር። በዚያው ቅጽበት የርእሰ መምህሩ ድምፅ ከደረጃው መጣ፦ «እትዬ፣ ደርሰዋል፣ እየወጡ ነው!» ቡሬቶቹን በችኮላ ሞላቻቸው፣ ሽርጧን አስተካከለች፣ በሩ ላይ ቆመች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ፈታኙ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነበር። ክፍሉን ዞሮ አየ፣ መደርደሪያውን በጣቱ ዳሰሰ፣ «ንጹሕ ነው» አለ። ልቧ ሞቀ። ፈተናው ተጀመረ፣ አለቀም። ልጆቹ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ውስጥ የቀሩት ፈታኙ፣ ርእሰ መምህሩ፣ ዘንድሮ የመጣው ወጣት የኬሚስትሪ መምህርና ጥግ ላይ መጥረጊያ ይዛ የቆመችው እሷ ናቸው።

ፈታኙ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየና እርሳሱን አስቀመጠ።

«መልሱ ሃያ አምስት መሆን ነበረበት» አለ። «የሁሉም አማካይ ከፍ ያለ ነው። አንድም ልጅ አላገኘውም።»

ወጣቱ መምህር ፊቱ ነጣ። «ሁሉም ልጅ እንዴት ይሳሳታል?»

«ልጆቹማ አልተሳሳቱም ይሆናል። ቤዙ ደካማ ነው፣ ለዚያ ነው ብዙ የወረደው። ኬሚካሉ አርጅቶ ይሆናል፤ የማንም ጥፋት ነው አልልም፣ እንዲህ ያጋጥማል። ግን በዚህ ውጤት ማንንም ማሳለፍ አልችልም። የተግባር ፈተናው ይሰረዛል። ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ቀን የለንም።»

ለሃያዎቹ ልጆች የዓመቱ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። እትዬ ጠብታ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ወረቀቱን አንዴ ላየው?»

ፈታኙ ቀና ብሎ ሽርጧን አየ። «እርስዎ ማን ነዎት?»

«ቤዙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።»

ሰጣት። መነጽሯን አጥልቃ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የመጀመሪያዋ ልጅ፦ ሃያ ስድስት፣ ሃያ አምስት ነጥብ አራት፣ ሃያ አምስት ነጥብ አንድ። ሁለተኛው ልጅ፦ ሃያ ስድስት ነጥብ ሦስት፣ ሃያ አምስት ነጥብ አምስት፣ ሃያ አምስት ነጥብ አንድ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሁሉም እንዲሁ፤ ከላይ ጀምሮ ወደ ሃያ አምስት ይወርዳል። ቤዙ ደካማ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ንባቦች እኩል ከፍ ባሉ ነበር። ይሄ ግን መጀመሪያ የቀጠነ፣ በተሞላ ቁጥር እየጠራ የሄደ ነገር ነው። ቡሬቱ ውስጥ ውሃ ነበረ። ውሃውን ያስገባው ማን ነው?

የጠዋቷ ፀሐይ፣ ነጩ መስመር፣ ማንጎራጎሯ፣ ሁሉም ዓይኗ ላይ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ያልሳተችውን በዚህ ቀን!

ወጣቱ መምህር ጠጋ ብሎ በጆሮዋ «እትዬ፣ ኬሚካሉ ነው ካሉ ይሁን በቃ። ሪፖርቱም ለእርስዎ ጥሩ ይሆናል» አላት። ክፋት አልነበረውም፣ አዝኖላት ነው። እውነቱንም ነው። ዝም ብትል ያየ የለም፤ ፈታኙ ክፍሉ ንጹሕ ነው ብሎ ይጽፍላታል፣ ያቺ ሁለት ቃልም ትመጣለች። ዋሽቼ አልናገርም፣ ዝም ለማለት ፈለገች። ከበሩ ውጭ ግን ልጆቹ «አንተ ስንት አገኘህ?» እየተባባሉ ይንጫጫሉ፤ ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ «ሮዟ በጣም ቆንጆ ነበረች፣ እትዬ ባየችልኝ» ስትል ተሰማት።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ቤዙ ደካማ አይደለም፣ ጌታዬ» አለች። «ቡሬቶቹ እርጥብ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት በውሃ አለቅልቄ፣ በቤዙ ሳላለቀልቅ ሞላኋቸው። የእኔ ጥፋት ነው። የመጀመሪያው ንባብ ውሃ የገባበት ነው፤ ሦስተኛውን ይዩልኝ፣ ልጆቹ ልክ ናቸው።»

ፈታኙ ወረቀቶቹን መልሶ ሰበሰበና ሦስተኛውን ረድፍ ብቻ እያየ ሃያውን ጨረሰ። ከዚያ «ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» አላት።

እጇን ታጠበች። አንድ ቡሬት አወረደች፣ ጥቂት ቤዝ ጨመረችበት፣ አጋድማ እያሽከረከረች ሁሉንም ጎን አስነካችው፣ ደፋችው። ደገመችው። ሞላችው። አሲዱን በፒፔት ለክታ ፍላስኩ ውስጥ አደረገች፣ አመልካቹን ጠብ አደረገች። በግራ እጇ ቧንቧዋን፣ በቀኟ ፍላስኩን ይዛ ጀመረች። መጀመሪያ በፍጥነት አወረደችው፣ ከዚያ አዘገመች፣ ከዚያ ጠብታዋ ከቡሬቱ ጫፍ ተንጠልጥላ እስክትቀር ድረስ ያዘቻትና በፍላስኩ ከንፈር ነካቻት። ሮዟ ገባች፣ አልሄደችም። ሃያ አምስት። ሁለተኛው፣ ሃያ አራት ነጥብ ዘጠኝ። ሦስተኛው፣ ሃያ አምስት።

ፈታኙ ኪሱ ውስጥ የነበረውን፣ መልሱ የተጻፈበትን የታሸገ ፖስታ ቀዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ ያው ሃያ አምስት። «ማን አስተማረዎት?» አላት።

«አንድ መምህር ነበረ። ቀሪውን ደግሞ ልጆቹ ሲሳሳቱ ከኋላቸው ሳጥብ ነው የተማርኩት።»

ሰውየው የመመሪያውን መጽሐፍ ገልጦ አነበበ፦ የንባቡ ስህተት ከዕቃው አዘገጃጀት የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ ሦስተኛው ንባብ ብቻ ሊያዝ ይችላል፤ ምክንያቱና ጥፋተኛው ግን በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ልጆቹ ዳኑ። ርእሰ መምህሩ ትንፋሹን ለቀቀ፣ ከዚያ እትዬ ጠብታን አየና መሬት መሬት አየ። ጥፋተኛ ተብሎ የተጻፈ ሰው ዕድገት ሲያገኝ አይቶ አያውቅም፣ እሷም አላየችም።

ፈታኙ ጮክ ብሎ እያነበበ መጻፍ ልማዱ ነበር፦ «... ስህተቱ የተፈጠረው የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ቡሬቶቹን ...»

«እሱን አይጻፉ» አለች።

እስክሪብቶው ቆመ። «ጥፋቱ የእኔ ነው አላሉም እንዴ?»

«የእኔ ነው፣ አልካድኩም። ግን የጽዳት ሠራተኛ ጥፋት አይደለም።» አሁን ቀና ብላ ነበር የምትናገረው። «የጽዳት ሠራተኛማ ዕቃውን አጥባ አብርታ ካስቀመጠች ሥራዋን ሠርታለች፣ ምስጋና ነው የሚገባት። ቡሬት በቤዙ መታለቅለቅ እንዳለበት ማወቅ የነበረባት የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ናት። እሷ ናት የረሳችው። የላቦራቶሪ ቴክኒሻኗ ጥፋት ነው ብለው ይጻፉ። ጥፋቴን በስሙ ይጥሩልኝ።»

ፈታኙ አንድ መስመር ሰረዘ፣ አዲስ መስመር ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን አወጣና አሳረፈበት።

ማታ እራት ላይ የሪፖርቱን ግልባጭ ለባሏ ሰጠችው። ወደ መብራቱ አስጠግቶ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ስህተቱ ሙሉ በሙሉ የትምህርት ቤቱ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ጥፋት ሲሆን፣ ምክንያቱን ያገኙትም፣ ያረጋገጡትም፣ የተማሪዎቹን ውጤት ያተረፉትም እኚሁ ቴክኒሻን ናቸው።» ደግሞ አነበበው። ሊቀልድ አፉን ከፈተና ዘጋው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ባሏ የሚለው ያጣው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሰው በጥፋቱ ወረቀት እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም» አለ በመጨረሻ።

«እኔም» አለች፣ አለቀሰችም።

የመደብ ለውጡ ደብዳቤ ከአራት ወር በኋላ መጣ። ጥሩ ደብዳቤ ነው፣ ቁጥርም ማኅተምም አለው፤ ከጨርቅ በታች መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ቤታቸው የሚሄድ ሰው ግን ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ባሏ ከጥሩ እንጨት ጠርቦ፣ አለስልሶ፣ ቀለም ቀብቶ በሠራው ክፈፍ ውስጥ ተሰቅሎ የሚያየው ጥፋተኛ የሚላትን ወረቀት ነው።